ድንች ተሸክመው የዞሩት የወይዘሮ ዲንቄ ሰንበታ ዜና ሕይወት

በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ እኅታችንን የምትሸኙ ወገኖች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። በቀብር ላይ የሚነበብ ታሪክ የሟችን መልካምነት ብቻ ቢናገር የተለመደ ነው፤ ታናሽ ወንድማቸውና የዚህ ደብር ተማሪ ቤት መምህር የሆንሁት እኔ ጆቴ ሰንበታ የማነበው ግን የራሴንም ጥፋት የያዘ ስለ ሆነ፣ እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

ወይዘሮ ዲንቄ ከአባታቸው ከአቶ ሰንበታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ በ1881 ዓ.ም. ከደራ በላይ ባለው ደጋ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላቸው፣ እንዝርት ቢሰጧቸው እንዝርቱን ይዘው ጎረቤት የሚደርሱ፣ ውኃ ቢልኳቸው ወንዙን ተሻግረው የማዶውን ወሬ ሰምተው የሚመለሱ ስለ ነበሩ፣ እናታችን እሾህ ላይ የተወለደች ልጅ ይሏቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ለትምህርት መላክ ያልተለመደ በመሆኑ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢሆንም እኔ ዳዊት ስደግም በደጅ ሲያልፉ ሲያገድሙ እየሰሙ ብዙውን በቃላቸው ይዘው፣ ስሳሳት ከውጭ ሆነው ያርሙኝ ነበር። ይህም ያናድደኝ እንደ ነበር አልሸሽግም።

ለአካለ መጠን ሲደርሱ አቶ ኢተፋን አግብተው፣ ባቡር አዳማ በገባ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር ወደዚህ ከተማ ወርደው ዘርፉንና ሸዋወርቅን ወለዱ። አቶ ኢተፋ ከባቡር ጣቢያው ደብዳቤ ተቀብለው እየሮጡ ደራና ከዚያም በላይ የሚያደርሱ እግረኛ መልእክተኛ ነበሩ። ስንቃቸው በሶ ነበር፤ በሶ ደግሞ ያለ ውኃ አይሆንምና በዚያ ደረቅ መንገድ ውኃ ፍለጋ ሲወጡና ሲወርዱ ጉልበታቸውም ቀኑም ያልቅባቸው ነበር።

በ1914 ዓ.ም. ወይዘሮ ዲንቄ ከወሎ መጥተው በጣቢያው አጠገብ ለሐዲድ ሠራተኞች ድንች እየቀቀሉ ከሚሸጡት ከወይዘሮ ሰሊማ ጋር ተዋወቁ። ድንችን የእኛ ከተማ ሰው ከመሬት ተቆፍሮ ስለሚወጣ የጃርት ቀለብ እያለ ይንቀው ነበር። እርሳቸው ግን ቀቅለው፣ ጨው ነስንሰው በባለቤታቸው ከረጢት ከተቱት፤ አቶ ኢተፋም ሳይቀመጡ እየበሉ ደራ ደርሰው በዚያው ዕለት ተመለሱ። ይህ ከታየ በኋላ መልእክተኞቹ ሁሉ፣ ቀጥሎም በጥምቀት ሜዳ ጉግስ የሚጫወቱት ጎረምሶች ድንቹን ይጠይቁ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ዲንቄን የሚይዛቸው አልተገኘም። ከሩቅ መንደር አንድ እፍኝ ቆሎ ይዘው የሚመጡት ተማሪዎቼ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሲያንቀላፉ አይተው፣ በየማለዳው ትኩስ ድንች በቅርጫት ተሸክመው ይመጡ ጀመር፤ ከእኛ ሲወጡ ደግሞ ወደ ቁርዓን ቤቱ ልጆች ይሄዳሉ። እንዴት የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ከአንድ ድስት ይበላሉ ያላቸውን ሰው፣ «የሚታረድ ነገር አይደል፤ ጾምም አይሽርም፤ ምን ያጣላናል?» ብለው አልፈውት ሄዱ። ልጆቹ በእውነት በረቱ፤ ንባባቸውም ከፍ አለ።

በ1918 ዓ.ም. ክረምት ግን ክፉ ነገር ደረሰ። ወይዘሮ ዲንቄና ወይዘሮ ሰሊማ ለሁለቱ ተማሪ ቤቶች የሚሆን ብዙ ድንች ገዝተው ካከማቹ በኋላ፣ በእርጥበቱ እንዳይበሰብስባቸው ሠግተው፣ እህል ፀሐይ ሲመታው እንደሚበረታ ሁሉ ድንቹንም ዝናብ ባባራ ቁጥር በሰሌን ላይ እያሰጡ ሰነበቱ። ገበሬ አባትና እናት ያስተማሯቸው ይኸው ነበር። ድንቹም አረንጓዴ ሆነ፤ እሸት መሰለ እንጂ የሚያስጠረጥር አልሆነባቸውም። ያን የበሉ አሥራ አንድ ተማሪዎች ሲያስታውኩ ዋሉ፤ አንዱም ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። እኔም ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ እኅቴ ፊቴ ቆመው ሳሉ፣ ከእንግዲህ ድንች የያዘ ሰው ከደጄ እንዳይደርስ ብዬ ዐወጅሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እርሳቸው ግን ከአንድ ጆንያ ከወጣ ድንች እኩሌታውን አልጋ ሥር ጨለማ ውስጥ፣ እኩሌታውን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ በሁለት ድስት ለየብቻ ቀቅለው ራሳቸው በሉ። ከጨለማው በልተው ደህና ዋሉ፤ ፀሐይ ከመታው በልተው ሁለት ቀን ታመሙ። ገና ሳይሽርላቸው ምርኩዝ ይዘው መጥተው ነገሩን ቢያስረዱኝ፣ በሕዝብ ፊት የተናገርሁትን ቃል ማጠፍ ስለ ከበደኝ ብቻ፣ ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን አልኋቸው።

ፋሲካው ስድስት ጊዜ አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ወይዘሮ ዲንቄ ደራ ሲሏቸው መቂ፣ መቂ ሲሏቸው አርሲ ነገሌ እየተገኙ፣ ሴቶችን ድንች ከፀሐይ ሸሽጎ ማስቀመጥን በአማርኛም በኦሮምኛም እያስተማሩ፣ በየደረሱበት ተማሪ ቤት ልጆችን አበሉ። የዚህ ከተማ ቁርዓን ቤትም ተቀበላቸው። ያልተቀበላቸው የወንድማቸው ደጅ ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም ከየመንገዱ በተመለሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጡት ወደዚያ ደጅ ነበር።

በዚህ በ1925 ዓ.ም. ጥቅምት ከመቂ ሲመለሱ ወባ ያዛቸው። በትኩሳት ላይ ሆነው እንኳ ካልተነሣሁ እያሉ ልጆቻቸውን አስቸገሩ። ባለፈው ማክሰኞ ዘርፉን ልከው፣ ስለ ተማሪዎቹ አንድ ቃል እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ሲሻላቸው እንነጋገራለን ብዬ መለስሁ። ትናንት ከቀትር በኋላ በአርባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ዲንቄ ባለቤታቸውን አቶ ኢተፋን፣ ልጆቻቸውን ዘርፉንና ሸዋወርቅን፣ እንደ እኅት የሚወዷቸውን ወይዘሮ ሰሊማንና ለእርሳቸው ወንድም መሆን የከበደኝን እኔን ትተው ሄደዋል። በሕዝብ ፊት የተናገርሁትን በሕዝብ ፊት አንሥቼዋለሁ፤ ከነገ ጧት ጀምሮ ወይዘሮ ሰሊማ ቅርጫታቸውን ይዘው ይግቡ፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ይህንን መስማት የነበረባቸው ግን አሁን አይሰሙኝም። አምላከ ምሕረት ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ደጁ ላይም አያቁማቸው። አሜን።