የአይጧ ቦታ

(ይርዳው በሚሠራበት የእንስሳት ሙዚየም ውስጥ፣ በአዲሱ የአጥንት መደርደሪያ ፊት ተቀምጦ ካርድ ይጽፋል፤ የድሮ የቤታቸው ሠራተኛ ልጅ ወርቅያንጥፉ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ አጠገቡ ቆማለች።)

ወርቅያንጥፉ፦ ጋሼ ይርዳው፣ የለመንኩዎት እኮ አንድ መስመር ናት። በአባባ መቃብር ድንጋይ ላይ፣ ከልጆቻቸው ስም ጋር፣ «ወርቅያንጥፉ ደምሰው»።

ይርዳው፦ ዝርዝሩን ጽፌ ለጠራቢው ሰጥቻለሁ። በኩሩ እኔ፣ ከዚያ ሁለቱ እህቶቼ። አለቀ። አባባ በሕይወት እያሉ ለምን አልጠየቅሻቸውም?

ወርቅያንጥፉ፦ ጠይቄያቸው ነበር። «ይርዳው ያውቃል» አሉኝ።

ይርዳው፦ እንግዲህ ይርዳው አያውቅም። ጦጣዋን አትንኪያት፣ ሙጫዋ አልደረቀም።

ወርቅያንጥፉ፦ አጠገቧ ያለችው አይጥ ናት? ሰው፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከዚያ አይጥና ጥንቸል። ላሚቱን ግን ወዲያ ጥግ ጣሏት።

ይርዳው፦ ቦታዋ ነው። አይጥና ጥንቸል ከላም ይልቅ ለጦጣ ይቀርባሉ። ለእኛም ጭምር።

ወርቅያንጥፉ፦ በመጥረጊያ የምናባርራት አይጥ?

ይርዳው፦ ማባረር ዝምድና አያፈርስም። ያቺን ሽኮኮ ደግሞ እያት። ሰው ሁሉ የጥንቸል ወገን ትመስለዋለች፤ እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ተሳስቼ እዚያው ደርድሬአት ነበር። ለካ ዘመዷ ዝሆን ነው! ጸጉር ያታልላል። እኔ የማምነው አጥንት ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ እንግዲያው ይቺን ትንሿን ጣቴን ይዩልኝ። ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለችውን። የአባባም እንዲሁ ነበረች። ብዕር በያዘው እጅዎ ላይም አለች።

ይርዳው፦ እጅሽን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሺ።

ወርቅያንጥፉ፦ ለሽኮኮ የበቃ አጥንት ለእኔ አነሰ?

ይርዳው፦ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። አንቺም የሚያኮራሽን ብቻ መርጠሽ አትቁጠሪ።

ወርቅያንጥፉ፦ እናቴን ደብቄ አላውቅም። እርስዎን አዝላ ወንዝ ስትወርድ እኔ በእግሬ ከኋላ እከተላት ነበር። ጀርባዋ ለእኔ አልደረሰኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይርዳው፦ ውለታዋን አልካድኩም። ግን እማማ አለች። በዚህ ዕድሜዋ ስምሽን ድንጋይ ላይ ብታይ ትሞትብኛለች።

ወርቅያንጥፉ፦ እምቢ ያሉት ለእሳቸው ብለው ብቻ ነው?

ይርዳው፦ ለእሷ ብቻ። እኔማ ምን ቸገረኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ይማሉ?

ይርዳው፦ ውሸት ከሆነ የአባባ አጥንት ይፋረደኝ።

ወርቅያንጥፉ፦ ዛሬ ጧት እትዬን ደግፌ ጠራቢው ዘንድ ወስጃቸው ነበር። ስሜን ራሳቸው አስጻፉ። «ያቺን ጣት ሃምሳ ዓመት ሙሉ አየኋት፤ አሁንስ ደከመኝ» አሉ።

ይርዳው፦ እማማ? ታዲያ አንቺ ምን ልትለምኚ መጣሽ?

ወርቅያንጥፉ፦ «ሂጂ ለምኚው፤ ልጄ በፈቃዱ ይሰጥሽ እንደሆነ ልየው» አሉኝ። ለመንኩ።

ይርዳው፦ የት ላይ ነው ያስጻፈችው?

ወርቅያንጥፉ፦ እበልጥህ የለ፣ ከላይ ነዋ። «እምቢ ካለሽ፣ ስሙ ከሥርሽ ይግባ ወይስ ጭራሽ አይጻፍ ብለሽ ጠይቂው» ብለውኛል። ጠራቢው መሮውን ይዞ እየጠበቀ ነው፤ ምን ልበለው፣ ይርዳው?