ሦስት እርምጃ ከመስኮቱ

ደሴ፣ ረፋድ ላይ፤ በጡረተኛዋ መምህርት በዘምዘም ቤት ከአዲስ መስኮት ሥር ባዶ አልጋ ተነጥፏል፤ መስኮቱን የገጠመው የቀድሞ ተማሪዋ አራጋው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቆጥሮ ቆሟል።

ዘምዘም፦ ይነቀል አልኩህ! ዛሬ፣ አሁን፣ እኔ እያየሁ!

አራጋው፦ ቲቸር፣ በአላህ፣ መጀመሪያ እኔ የቆምኩበት ይምጡና ይዩት።

ዘምዘም፦ አንተ የቆምክበት ምን ተገኘ?

አራጋው፦ በእኛ ሥራ መስታወት የሚታየው እንደዚህ ነው። በቀን ብርሃን፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ፊት ለፊት ቆሞ። ከዚህ ካልታየ ጭረት አይባልም።

ዘምዘም፦ ምን ይባላል ታዲያ? ጥልፍ?

አራጋው፦ ቲቸር ደግሞ።

ዘምዘም፦ ይህን ሕግ ያወጣው ማነው? መስኮት የሚገጥመው ነው፣ በመስኮት የሚያየው?

አራጋው፦ አገር ሁሉ የሚሠራበት ነው። ይምጡ እስቲ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሁን ይታያል?

ዘምዘም፦ አይታይም።

አራጋው፦ ይኸው!

ዘምዘም፦ ደስ አይበልህ። እዚህ ቆሜ የፈተና ወረቀት ባርም ኖሮ አንተም አንደኛ ትወጣ ነበር።

አራጋው፦ ባለፈው ወር ፈርመው ተረክበዋል እኮ። ወረቀቱ ላይ “ያለ እንከን ተረክቤያለሁ” ይላል።

ዘምዘም፦ የፈረምኩት መስታወቱን የሸፈነው ላስቲክ ሳይላጥ ነው።

አራጋው፦ ልላጠው ስል “አትንካው” ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ዘምዘም፦ ይመር ይላጠው ብዬ ነው! የባሌን ዓመል ታውቃለህ፤ አዲስ አውቶቡስ በተረከበ ቁጥር የወንበሩን ላስቲክ ራሱ ሳይልጥ መሪ አይጨብጥም ነበር። ከወገቡ በታች አልታዘዝ ቢለውም እጁ ደህና ነው። አንድ ነገር እንኳ በገዛ እጁ ይክፈት አልኩ። ትናንት ጫፉን ሳብ ባደርገው ይኼ ጉድ ብቅ አለ።

አራጋው፦ አላህ አፊያ ያድርጋቸው። ዛሬ ነው አይደል ከሆስፒታል የሚወጡት?

ዘምዘም፦ ስምንት ሰዓት ላይ ይገባል።

አራጋው፦ ታዲያ ይህን ነቅዬ በምን ልዝጋው? ይህን የሚያህል መስታወት ከአዲስ አበባ ተቆርጦ እስኪመጣ አሥር ቀን ነው። በደሴ ብርድ በሽተኛ ክፍት ቤት ውስጥ ሊያስተኙ ነው?

ዘምዘም፦ በብርድ አታስፈራራኝ።

አራጋው፦ ማስፈራራት አይደለም። ለአንዲት ጭረት ብለው ሰውየውን እንዳይጎዱ ነው። ዓይን ይለምደዋል።

ዘምዘም፦ ዓይን ይለምደዋል! ይመር ሠላሳ ዓመት ዓለምን በመኪና መስታወት ያየ ሰው ነው። አንዲት ዝንብ ከተለጠፈችበት ሐረጎ ዳገት ላይ ተሳፋሪ አቁሞ የሚወለውል ሰው! አልጋውን እዚህ ያስጠጋሁት አውቶቡሶቹ ሲወጡ እንዲያይ ነው። የቀረው እሱ ነው፤ መንገዱ። እሱንም አንተ ጫርክበት።

አራጋው፦ እኔ ጫርኩት አልወጣኝም።

ዘምዘም፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሳሎኑም የጓዳውም ላስቲክ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። የዚህ ብቻ ዙሪያው በፕላስተር የተለጠፈው ለምንድን ነው?

አራጋው፦ ለቆ ይሆናላ።

ዘምዘም፦ ራሱ ለቆ፣ ራሱ ፕላስተር ፈልጎ ተለጠፈ?

አራጋው፦ ቲቸር...

ዘምዘም፦ ስድስተኛ ክፍል ሳለህ የተሳሳትከው ላይ ነጭ ወረቀት በሙጫ ለጥፈህ ደብተርህን ታስረክበኝ ነበር። ትዝ ይልሃል?

አራጋው፦ እርስዎም በጥፍርዎ ይልጡት ነበር።

ዘምዘም፦ ጥፍሬ ዛሬም አለ።

አራጋው፦ ...ሲሚንቶ ተረጭቶበት ነበር። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። በደረቁ በቢላ ፋቅኩት። ወላሂ፣ ይህን ያህል አልመሰለኝም።

ዘምዘም፦ ከዚያ ሸፈንከው። ከዚያ አስፈረምከኝ።

አራጋው፦ አዎ።

ዘምዘም፦ ተኛ።

አራጋው፦ የት?

ዘምዘም፦ አልጋው ላይ። ጫማህን አውልቅ፣ አንሶላው አዲስ ነው! ጀርባህን ትራሱ ላይ አድርግ። እንደሱ። ከወገብህ በታች እንዳትንቀሳቀስ። ምን ይታይሃል?

አራጋው፦ መንገዱ። አንድ አውቶቡስ እየወጣ ነው።

ዘምዘም፦ በዓይንህ ተከተለው።

አራጋው፦ እሺ... ኩርባውን ዞረ... አሁን...

ዘምዘም፦ አሁን ምን ሆነ?

አራጋው፦ ጭረቱ ላይ ደረሰ። ለሁለት ተቆረጠ።

ዘምዘም፦ በል ሦስት እርምጃ ራቅ።

አራጋው፦ እሺ፣ ልነሳ...

ዘምዘም፦ ማን ተነስ አለህ? እንደተኛህ ራቅ! ይመር ሦስት እርምጃ ቢኖረው መስኮት ምን ያደርግለታል? በሩ ይበቃው ነበር። ወረቀቱ ምን ይላል?

አራጋው፦ ወረቀቱን ይተዉት። የሳሎኑ መስታወት ልኩ ከዚህ እኩል ነው። አሁን ፈትቼ ባለዋውጣቸው ጋሽ ይመር ሳይገቡ እጨርሳለሁ።

ዘምዘም፦ ይህን ቅድም ለምን አልነገርከኝም?

አራጋው፦ ቅድም ጥፋቱ የእኔ አልነበረማ።

ዘምዘም፦ ላስቲኩስ?

አራጋው፦ የሳሎኑ አልተነካም። እንዳለ አመጣዋለሁ፤ ራሳቸው ይልጡታል። ግን አዲስ አስቆርጬ እስካመጣ ይኼኛው ሳሎን ሊገባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እርስዎ በሚቀመጡበት።

ዘምዘም፦ ይግባ። እኔ ሦስት እርምጃ አለኝ።