የመርዶ መስመር የተባለው ሽቦ

አቶ ወልደተንሣኤ አንኮበር ስልክ ቤት ሲደርሱ ጭጋጉ ከጣሪያዎቹ ገና አልተነሣም ነበር። ያም ሆኖ አምስት ሰዎች ቀድመዋቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጊዜው 1975 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ልጃቸው በሰለች አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሆዷን ልትቀደድ ነው። የአባቴን ምርቃት ሳልሰማ ቢላ አይነካኝም፣ እስከ አራት ሰዓት ስልክ አጠገብ እጠብቃለሁ ብላ መልእክት ልካላቸዋለች።

ማዞሪያው ላይ እናትነሽ የምትባል ወጣት ተቀምጣለች። ሙያውን ተምራ ከመጣች ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ግን እዚያ ቤት ከገቡ ሁለት ዓመት ስላለፋቸው አያውቋትም።

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄዱት መስመሮች ሁለት ናቸው። በአንደኛው አገር ሁሉ ይሻማል፤ ሁለተኛው ባዶውን ይውላል። ሁለተኛው በተዘረጋ ሰሞን የአቶ ወልደተንሣኤ የበኵር ልጅ የገብረአማኑኤል መርዶ በእሱ ገባ። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ደግፎ የሚያሰማው ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ብቻቸውን ቆመው ከስልኩ ሰሙት። «የመርዶ መስመር» ብለው የሰየሙት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ስሙን ተቀበለ፤ የድሮው ኦፕሬተርም ማንንም ላለማስከፋት ሁሉንም በአንደኛው ይልክ ጀመር።

ሦስት ሰዓት አለፈ። ከፊታቸው ገና ሦስት ሰዎች አሉ። ከአልዩ አምባ የመጣው ነጋዴ ዓወል፣ «እኔ እዚህ ስቀመጥ ጢሜ ጥቁር ነበር» እያለ አግዳሚውን ያስቃል።

«አባባ፣ ሁለተኛው ክፍት ነው፤ አሁኑኑ ላገናኝዎ» አለቻቸው እናትነሽ።

«እጠብቃለሁ ልጄ።»

«ተራዎ ሳይደርስ አራት ሰዓት ይሞላል።»

«በዚያ ሽቦ ልጄን አልጠራም። አንዱን በልቶብኛል።»

እናትነሽ መዝገቧን አምጥታ ፊታቸው ዘረጋችው። ከመጣች ጀምሮ እያንዳንዱ ጥሪ በስንት ሰዓትና በየትኛው መስመር እንደሄደ፣ ድምፁም ይጠራ እንደሆነ ትጽፋለች። አንደኛው ጭጋግ ሲወርድ እንደሚደክም ያወቀችው ከዚሁ ነው። አቶ ወልደተንሣኤ ፊደል ቈጥረዋልና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዳር ላይ ትንንሽ ጭረቶች አዩ።

«ይህችስ ምንድን ናት?»

«ለቅሶ ናት። የሚያወሩትን አልሰማም፤ ልሰማም አይገባኝም። ለቅሶ ግን ከዚህ ክፍል አይደበቅም።»

ቈጠሩ። በአንደኛው ሃያ ሦስት፣ በሁለተኛው አንዲት ብቻ።

«እንግዲያ የመርዶው አንደኛው ነው በይኛ።»

«እሱም አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚያወራበት ሠርጉም ለቅሶውም ይበዛበታል። ሽቦ የሰጡትን ያደርሳል እንጂ አይመርጥም።»

«አንዲቷስ?»

«የመስመሩን ስም ያልሰማ መንገደኛ ሹፌር ነበር። ሚስቱ በሰላም ስትገላገል ከደስታ ብዛት አለቀሰ፤ ሲወጣ ራሱ ነገረኝ።»

ሽማግሌው ከጭረቷ ላይ ጣታቸውን አላነሡም። «ገብረአማኑኤል ግን የሞተብኝ በዚህ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሱስ ቀድሞ አርፎ ነበር፣ አባባ። ሽቦው የነገረዎት ነው።»

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ቀና ብለው፣ «ድምፁ ይጠራል?» ሲሉ ጠየቋት። እናትነሽ ገመዱን ሁለተኛው ላይ ሰክታ መጀመሪያ የደብረ ብርሃኗን ባልደረባዋን ጠራች፤ መስመሩ ደኅና መሆኑን አረጋግጣ ወደ አዲስ አበባ አሳለፈቻቸው።

«በሰለች፣ እኔ ነኝ» አሉ። «በሰላም ገብተሽ በሰላም ውጪ። እኔን ለመቅበር ያብቃሽ።»

ስልኩን ሲመልሱ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። እናትነሽ እርሳሷን ስታነሣ እጇን ያዙት። «ለቅሶ መጻፊያ አበጅተሻል፤ ምርቃት የት ይጻፋል?» እሷም በመዝገቡ ዳር አዲስ መስመር አሰመረች።

በሰለች ዳነች። ዓወልም የዚያኑ ዕለት «ጢሜ ሳይነጣ» ብሎ በሁለተኛው አወራ፤ አገሩ ተከተለው። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ጥበቃ ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ፤ አንዱ ሲደክም በሌላው ይላካል፤ ሐኪም የሚፈልግ ተራ አይጠብቅም። ይህ ሁሉ የመጣው አዲስ ሽቦ ተዘርግቶ አይደለም፤ ያለው ተቈጥሮ ስለታየ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ አቶ ወልደተንሣኤ ሲያርፉ፣ ማለዳ ሄደው በሰለችን እንዲያረዷት የአዲስ አበባ ጎረቤቶቿን ለመጥራት ሽማግሌዎች ስልክ ቤት መጡ። እናትነሽ በየትኛው መስመር ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ክፍት በሆነው» አሉ።

ክፍቱ ሁለተኛው ነበር። ደውላ አገናኘቻቸውና፣ ዳር ላይ የራሷን ለቅሶ አንድ ጭረት ጫረች።