ሁለት አንቲቫይረስ ባንድ ማሽን

(በአንድ የግብርና ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል፣ ረፋድ ላይ። ውባለምና አስናቀ ባልና ሚስት ናቸው፤ የሚሠሩትም እዚሁ ጎን ለጎን ነው። የኮሌጁ ዲን ውባለም ያዘጋጀችውን አዲስ አንቲቫይረስ ሊያዩ ሊመጡ ነው።)

ውባለም፦ ነክተኸዋል ወይ ነው የምልህ። አዎ ወይም አይ በለኝ።

አስናቀ፦ ምኑን?

ውባለም፦ ይሄን ማሽን ነዋ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ አንቲቫይረሱን የያዘውን ፓኬጅ ጫንኩት፣ ሁሉም ላይ ያለ ችግር ገባ። እዚህ ላይ ግን ይነሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይሞታል። ሊኑክስ ነው፣ የዊንዶውስ ቫይረስ አይይዘውም ብለን የተማሪ ፍላሽ የምናጸዳው ደግሞ በዚሁ ነው።

አስናቀ፦ ታዲያ እኔ ገደልኩት?

ውባለም፦ እንደዛ አልኩ?

አስናቀ፦ ፊትሽ ብሏል።

ውባለም፦ ፊቴን ተወውና ማሽኑን እየው፣ እባክህ። ዲኑ አሁን ይደርሳሉ፣ የሚያዩት ይሄኛውን ነው።

አስናቀ፦ ሠልጥነሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምን አውቃለሁ።

ውባለም፦ ጀመረህ።

አስናቀ፦ ምን ጀመረኝ? እውነቴን እኮ ነው። ሎጉ፣ የፕሮግራሙ መዝገብ፣ ምን ይላል?

ውባለም፦ ምንም አይልም። ቫይረስ የሚያውቅባቸውን መለያዎች መጫን ይጀምራል፣ ከዛ ቀጥ። ስህተት የሚባል ነገር አልጻፈም።

አስናቀ፦ የራሱን ሎግ ተይው፣ የሲስተሙን እዪ። የሞተ ሰው እንዴት እንደሞተ ራሱ አይናገርም።

ውባለም፦ ቆይ። "ሚሞሪ አለቀ፣ ፕሮግራሙ ተገደለ" ይላል።

አስናቀ፦ ይኸውልሽ። ያንቺ አንቲቫይረስ ሆዳም ነው። መለያዎቹን በሙሉ ሚሞሪ ላይ ይዘረግፋል፣ ማሽኑ ደግሞ አሮጌ ነው፣ አልቻለውም።

ውባለም፦ የቤተ መጻሕፍቱም እኮ ያው አሮጌ ናቸው። ከዚህ ጋር አብረው የተገዙ። እነሱ እንዴት ቻሉት?

አስናቀ፦ እንጃ።

ውባለም፦ "እንጃ" ስትል ጆሮህን የምታሸው ለምንድን ነው? ሚሞሪውን ማን እንደያዘው ልየዋ። አስናቀ።

አስናቀ፦ እ።

ውባለም፦ ያንተ አሮጌ ቫይረስ ማጽጃ ነው እኮ፣ ራስህ የጻፍከው። ከግማሽ በላዩን ይዞታል። የቤተ መጻሕፍቱ ላይ እሱ የለም።

አስናቀ፦ አሮጌ አትበይው።

ውባለም፦ ዘጋሁት። ተመልሶ ተነሳ። እንደገና ዘጋሁት። ይኸው ደግሞ ተነሳ። ስዘጋው ራሱን እንዲያስነሳ ተደርጓል ማለት ነው።

አስናቀ፦ ድሮም እንደዛ ነው።

ውባለም፦ ድሮ አልነበረም። ፋይሉ የተቀየረው ትናንት ነው፣ ከዲኑ ጋር ከተሰበሰብን በኋላ። "ትንሽ ሥራ ይዤያለሁ፣ አንቺ ቅደሚ" ያልከኝ ለዚህ ነበር?

አስናቀ፦ ራት ቀርቦ ስለነበር ቶሎ ነው የመጣሁት።

ውባለም፦ ስለ ራት አልጠየቅሁህም። ዲኑ ፊት ልታዋርደኝ ነበር?

አስናቀ፦ ላዋርድሽ አይደለም። እንዳታጠፊው ብዬ ነው። አዲሱን ስትጭኚ የኔን ጠራርገሽ እንደምትጥዪው አውቃለሁ። ያንቺን ይገድልብሻል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ውባለም፦ አፍ አውጥተህ ብትነግረኝስ?

አስናቀ፦ ምን ብዬ? ቀናሁ ልበልሽ? እሺ፣ ቀናሁ። በገዛ ሚስቴ ቀናሁ። ደስ አለሽ?

ውባለም፦ በምኔ ነው የምትቀናው?

አስናቀ፦ ዲኑ ትናንት "ከዚህ በፊት በምን ነበር የምትሠሩት?" ብለው ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?

ውባለም፦ አላስታውስም።

አስናቀ፦ "ምንም አልነበረም" አልሽ። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ክርኔ ክርንሽን እየነካ። ስንት ዓመት የዚህን ከተማ ፍላሽ ሳጸዳ ኖሬ፣ ምንም አልነበረም።

ውባለም፦ በፓኬጅ መልክ የተዘጋጀ አልነበረም ማለቴ ነው።

አስናቀ፦ እንደዛ ግን አላልሽም።

ውባለም፦ አላልኩም። አውቄ ነው ያላልኩት።

አስናቀ፦ አውቀሽ?

ውባለም፦ አንተ ብቻ ነህ የምትቀናው? ተማሪ ሁሉ በሩን ከፍቶ "ጋሽ አስናቀ የሉም?" ነው የሚለው። የሉም ስለው "እሺ፣ እመለሳለሁ" ብሎ ይሄዳል። እኔ እዚህ ወንበር ነኝ? እኩል ተመርቀን፣ እኩል ተቀጥረን፣ ገበያ ስወጣ እንኳ ስሜ "የኮምፒውተሩ አስናቀ ሚስት" ነው። አንድ ቀን እኔን ብቻ ይዩኝ ብዬ ነው። አንድ ቀን።

አስናቀ፦ ቤት ውስጥ ይሄን ነገር ተንፍሰሽ አታውቂም።

ውባለም፦ አንተስ ተንፍሰህ ታውቃለህ? በል አሁን አስቁምልኝ፣ ሰዓቱ ሄደ።

አስናቀ፦ አስቆምኩት። ዲኑ ሳይመጡ ግን ይሄን ፍላሽ ባዲሱ ፈትሺው። ጠዋት ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ነው።

ውባለም፦ አያስፈልግም።

አስናቀ፦ ፈትሺው እንጂ።

ውባለም፦ አያስፈልግም አልኩህ። ንጹሕ ነው ነው የሚለው።

አስናቀ፦ ሳትሰኪው በምን አወቅሽ?

ውባለም፦ ያለበትን ቫይረስ ሞክሬዋለኋ። ያን ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ የሚመጣውን፣ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጠውን። አዲሱ አያውቀውም። መለያዎቹ የሚመጡት ከውጭ ነው፣ የኛ ሰፈር ቫይረስ እዚያ አልደረሰም። ካወቅሁ ሰነበትኩ።

አስናቀ፦ እያወቅሽ ነው ትናንት "ሁሉንም ይይዛል" ያልሽው?

ውባለም፦ አዎ። ካንተ ፊት ቆሜ "ያንተ ይይዘዋል፣ የኔ ያልፈዋል" ማለት አቃተኝ።

አስናቀ፦ እኔ ደግሞ አንቺ ሁሉን የያዝሽ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ውባለም፦ እሱንስ አይቼሃለሁ። ስትገላበጥ ነው ያደርከው።

አስናቀ፦ ስሚኝ። የኔ መለያዎች አንድ ፋይል ናቸው። አንቲቫይረስሽ በሚያነበው አጻጻፍ ልቀይርልሽና ፓኬጁ ውስጥ ክተቻቸው። ከዛ በኋላ የኔ ፕሮግራም ሥራ የለውም፣ ይጥፋ።

ውባለም፦ የምርህን ነው?

አስናቀ፦ ሳልጸጸት ቶሎ በይ።

ውባለም፦ እሺ። ከተትኩት። ፓኬጁን እንደገና ጫንኩት። ተነሳ። እስካሁን አልሞተም። ፍላሹን ሰካሁት። ያዘው።

አስናቀ፦ የኔ ነው የያዘው።

ውባለም፦ የኔ ውስጥ ሆኖ።

አስናቀ፦ ለመሆኑ ፓኬጁ ላይ ኃላፊው ማን ነው የሚል ቦታ አለው አይደል? ማን ተጽፏል?

ውባለም፦ እኔ ነኛ።

አስናቀ፦ የኔንም ስም ጨምሪበት።

ውባለም፦ ቦታው የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተም ታውቀዋለህ።

አስናቀ፦ አውቀዋለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነው፣ ተይው። ሥራው ያንቺ ነው።

ውባለም፦ የዲኑ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። አንዴ ቁልፍ ሰሌዳውን ልቀቅልኝ።

አስናቀ፦ ምን ልታደርጊ ነው? ውቤ፣ ስምሽን ለምን ታጠፊዋለሽ?

ውባለም፦ ያንተን ልጽፍበት ነዋ። ተነስና አንተ አስረዳቸው። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አጨበጭባለሁ። ከቻልኩ።