ጥሩነሽ በአንድ ዓይን

በእኛ ጊዜ ሥዕል መማር ማለት የቤተ መቅደሱን ግድግዳ ከሚስል መምህር ዘንድ ገብቶ ማገልገል ነበር፤ በቃ፣ ሌላ ትምህርት ቤት የለውም። እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት። ታዲያ ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ የእህቴ የጥሩነሽ ልጅ ስመኝ፣ እዚሁ ማንኩሳ እኔ ዘንድ ቀለም ስትበጠብጥ ያደገችው፣ አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። እና ከዚያ የተማሪ ልውውጥ ይሉታል፣ የእነሱ ልጅ እኛ ዘንድ ይመጣል፣ የእኛ እነሱ ዘንድ ይሄዳል፤ ለአንድ ዓመት ጀርመን ተመረጠች።

እህቴ እሳት ለብሳ እሳት ጎረሰች! ባሏ ሞቷል፣ ያለቻት ይህችው አንድ ልጅ ናት። "ሥላሴን የሚስል አጎት እያላት ሥዕል ለመማር ባሕር መሻገር ምን ይባላል? ቀርታ ትቀራለች፣ አውቃለሁ!" ትላለች። ተይ ብላት፣ ሽማግሌ ብልክ፣ ወይ ፍንክች! ልጅቱም የእናቷን ምርቃት ሳታገኝ ሄደች።

ታዲያ ወራት አለፉና በፖስታ ጥቅል መጣ። ብንከፍተው የእናቷ ሥዕል። እናንተ! ነጠላዋ፣ ንቅሳቷ፣ ሁሉ ነገሯ ጥሩነሽ፤ ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። መቼም ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አይታችኋል፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሳል፣ በሁለት ዓይኑ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው? ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ይህን ደግሞ ለስመኝ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ አላወቀችም እንዳልል!

እህቴ አየችና፣ "ወንድምዓለም፣ ልጄ ከኃጥአን ጎን አቆመችኝ አይደል?" አለችኝ።

"የፈረንጅ አሳሳል ነው" አልኳት።

"እሷ ፈረንጅ ናት?" አለችና ተሸፋፍና ተኛች። እህል አልቀምስም አለች። ፈራሁላት፣ እውነቴን ነው።

ልጅቱ ከሥዕሉ ጋር "ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት ጠብቁኝ" ብላ ነበር፤ ያኔ ሞባይል የት አለና። እህቴን እያባበልኩ ይዣት ሄድኩ። ስልኩ ይጮኻል፣ አጠገቧ ቆሜ ሁሉን እሰማለሁ።

"እማዬ፣ ሥዕሉ ደረሰሽ?"

"ደረሰኝ። ምን በድዬሽ ነው ከይሁዳ የደመርሽኝ?"

"በመድኃኔ ዓለም፣ ለክፋት አይደለም" አለች ልጅቱ። "መምህሬ የእናትሽን ፊት በልብሽ እንዳለ ሳዪ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ብፈልግሽ ጎንሽ ብቻ መጣብኝ። የሄድኩ ቀን እግርሽን ስሜ ስነሳ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ነበር እኮ። ብጠብቅሽ፣ ብጠብቅሽ አላየሽኝም። ፊት ለፊት ልሳልሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ።"

ኧረ እኔስ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ጥሩነሽ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ "እንባዬን ብታዪ ትቀሪ ነበራ! በአፌ ብቆጣም መንገድሽን ማሰናከል አልፈለግኩም፤ ለዚያ ነው ያልዞርኩት፣ ልጄ! ለዚያ ነው!" አለች። እና እዚያው ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ መመረቅ ጀመረች። "እጅሽን ይባርከው! የባዕድ አገር ዓይን አይይሽ! በሰላም ይመልስልኝ!" ስትል፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ፣ የማያውቃት ሁሉ፣ "አሜን! አሜን!" ይላል። ስልክ ቤቱ ቅዳሴ የሚቀደስበት መሰለ።

"ተመለሰች ታዲያ፣ መሪጌታ?" ትሉኛላችሁ።

ተመለሰች እንጂ! እናቷን ፊት ለፊት አስቀምጣ ልትስላት ቀለሟን ስታሰናዳ፣ ጥሩነሽ ምን አለቻት መሰላችሁ? "ተዪው እሱን፤ ዝም ብለሽ እዪኝ።"