ባቄላ ደም ያጣራል

በአዋሽ ዳር ባለ የሸንኮራ እርሻ ውስጥ፣ የሦስተኛ ካምፕ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሮ፤ አርብ ከሰዓት፤ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ሽመክትና በልጅነቷ እሳቸው ያስተማሯት የአምስተኛ «ለ» መምህርት ውድነሽ፣ በመካከላቸው አንድ ያልተፈረመ ደብዳቤ።

ውድነሽ፦ አልፈርምም አልኩ እኮ ጋሼ። በወርቅ ብዕር ቢሰጡኝም አልፈርምም።

ሽመክት፦ የጠየቅሁሽ ፊርማሽን ነው፣ ኩላሊትሽን አይደለም።

ውድነሽ፦ ኩላሊትማ በእኛ ክፍል ባቄላ ሆኖ ቀረ።

ሽመክት፦ ደግሞ ትቀልጃለሽ! ጥያቄ ሰባት፦ «በሰውነታችን ውስጥ ደምን የሚያጣራው ምንድን ነው?» ከስልሳ ስድስት ልጅ ሃያ ሦስቱ «ባቄላ» ብለው ጽፈዋል። አንድ ልጅ ቢጽፍ ርቦት ነው እላለሁ። ሃያ ሦስት ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ባቄላ አያምረውም!

ውድነሽ፦ ጾም ነው እኮ ጋሼ።

ሽመክት፦ ግማሾቹ ሙስሊም ናቸው!

ውድነሽ፦ እሺ፣ ተኮራርጀዋል። መቼ ካድኩ? ወረቀቱን ሳርም አግኝቼ በእጄ ያመጣሁልዎ እኔው ነኝ። የካድኩት ጥፋቱ የአስካለ ነው የሚለውን ነው።

ሽመክት፦ ታዲያ የማን ነው? የእጅ ቋንቋውን ይዛ የመጣችው ማን ናት? እኔ ነኝ? መስማት የማትችል ልጅ ክፍላችን ከመግባቷ በፊት ልጆቹ ሲኮራረጁ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፣ በጆሮ ይያዙ ነበር። አሁን በምን ልያዛቸው?

ውድነሽ፦ በዓይን።

ሽመክት፦ አፍሽ አያርፍም። ደብዳቤውን አንብቢው፤ ስድብ የለበትም። «ተማሪ አስካለ ሎምባሞ በክፍል ውስጥ ያስፋፋችው የምልክት ቋንቋ ለኩረጃ መንስኤ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤታችንም እሷን ለማስተማር አቅም ስለሌለው፣ መስማት የተሳናቸው ወደሚማሩበት ወደ ሆሳዕና እንድትዛወር።» በቃ። አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ እኔ ማኅተም አሳርፋለሁ፣ ወረዳው ያጸድቃል።

ውድነሽ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ? የኩላሊት ምልክት አስካለም አታውቅም ነበር። ሥዕሉን አየችና በጣቷ ባቄላ ሠራች፤ ከዚያ ወገቧን ነካች። ባቄላ፣ ወገብ፤ ኩላሊት። ክፍሉ በሙሉ ተማረው። በፈተናው ቀን አንደኛ የሚወጣው ገመቹ መልሱን በእጁ ወረወረ፤ የቸኮሉት ወገባቸውን ሳይነኩ ባቄላውን ብቻ አስተላለፉ። እስከ ኋላ ወንበር ሲደርስ ኩላሊቱ ጥራጥሬ ሆኖ አረፈው።

ሽመክት፦ ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?

ውድነሽ፦ ራሳቸው። ዛሬ ጠዋት አቁሜ ጠየቅኋቸው። ገመቹ አለቀሰና ተናዘዘ። አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ፈታኙ ማን ነበር?

ሽመክት፦ እሱ ከነገሩ ጋር ምን አገናኘው?

ውድነሽ፦ ጋሼ፣ ፈታኙ ማን ነበር?

ሽመክት፦ እኔ ነበርኩ! ምን ይሁን? አንቺን ሌላ ክፍል መድቤሽ እኔ ገባሁ። ጸጥ አሉ! አምስተኛ «ለ» ከተመሠረተ ጀምሮ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ደስ አለኝ።

ውድነሽ፦ እጃቸውስ?

ሽመክት፦ ዝንብ የሚያባርሩ መሰለኝ።

ውድነሽ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ?

ሽመክት፦ የሸንኮራ አገር ነው፤ ዝንብ መች ጠፍቶ ያውቃል! አዘንኩላቸውና መስኮቱን ከፈትኩት።

ውድነሽ፦ ወይኔ ጋሼ! ወይኔ!

ሽመክት፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ለወረዳውም ደውዬ «ፈተናው በፍጹም ጸጥታ ተካሂዷል» አልኩ። «ምን ዘዴ ተጠቀማችሁ?» አሉኝ። «ክትትል» አልኩ።

ውድነሽ፦ ሆዴን አመመኝ!

ሽመክት፦ አሁን ገባሽ? ምክንያት ያስፈልገኛል። ምክንያቱ ደግሞ እውነት ነው። ያቺ ልጅ ባትመጣ ይህ አይሆንም ነበር።

ውድነሽ፦ ያቺ ልጅ ባትመጣ ምን ይሆን እንደነበር እኔ ልንገርዎ። መስከረም ላይ ክፍሉን ሲሰጡኝ ምን ብለው ሰጡኝ?

ሽመክት፦ እግዜር ይርዳሽ ብዬ።

ውድነሽ፦ «እንኪ ባቢሎንን» ነው ያሉኝ። በመስኮት በኩል የሸንኮራ ቆራጮቹ ልጆች በከምባትኛ ያወራሉ። በበሩ በኩል የአፋሮቹ። መሃል የኦሮሞዎቹ። ፊት ለፊት የፋብሪካ ሠራተኞቹ ልጆች፣ አማርኛቸው ጥርት ያለ፣ የሌላውን አማርኛ እየሰሙ የሚንከተከቱ። አንዱ ሊያነብብ ሲነሳ ሌላው ይስቃል። እስከ ጥቅምት ድረስ ያስተማርኩት ሳይንስ አይደለም፤ ግልግል ነው።

ሽመክት፦ አስካለስ?

ውድነሽ፦ አስካለ ኋላ ተቀምጣ ጠረጴዛ ላይ ዶሮ ትሥላለች። እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ወር ሙሉ አላስተማርኳትም። ደብተሯ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ ራሷን እዳብሳለሁ፣ እሄዳለሁ። ኅዳር ላይ ሁመድ መጣ። ቤተሰቡ ከብት ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ነው የሚመዘገበው፤ በየዓመቱ እንደዚያ ነው። አማርኛው እንዳይሳቅበት ፈርቶ አንድ ቃል አይተነፍስም። ከአስካለ ጎን አስቀመጥኩት።

ሽመክት፦ ዘዴሽ መሆኑ ነው።

ውድነሽ፦ ዘዴ ነው ብልዎ ደስ ባለኝ። ወንበር ጠፍቶ ነው።

ሽመክት፦ ይሄኛውን እንኳ ሪፖርት ላይ አልጽፈውም።

ውድነሽ፦ በሁለተኛው ሳምንት ዞር ብዬ ባይ ሁለቱ በሳቅ ሊፈርሱ ነው፤ ድምፅ የለ፣ ምን የለ። ጋሼ፣ ቀናሁ! ከእኔ ጋር ማንም እንዲህ ስቆ አያውቅም። «ምን ተባባላችሁ?» ብል ሁመድ በመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ስለ አንቺ ነው» አለኝ።

ሽመክት፦ ስለ አንቺ ምን?

ውድነሽ፦ አካሄዴን። እንደ ዳክዬ ነው አሉ። የዳክዬ ምልክት አላት፤ ያሳምማል፣ ልክ ግን ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ጥቁር ሰሌዳውን ለአስካለ ለቀቅሁላት። የዕለቱን አምስት ቃል ትጽፋለች፣ በእጇ ታሳያለች፣ እኛ እንከተላለን። ማንም በሌላው ሊስቅ አልቻለም። ለምን? ሁሉም እኩል ደደብ ነው! እኔንም ጨምሮ። የማንም እናት የማታወራው ቋንቋ ስለሆነ ማንም የእኔ ነው ብሎ አልተኮፈሰበትም።

ሽመክት፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አሉ። እነሆ አብረው እኔን አሰሩኝ።

ውድነሽ፦ ሁመድን ያስታውሱት። ባለፈው ሴሚስተር ስሙን ጽፎ ባዶ ወረቀት ነበር የሚመልሰው። ትናንት ምን ጻፈ? «በሰውነታችን ውስጥ ደምን የሚያጣራው ባቄላ ነው።» ሙሉ ዓረፍተ ነገር! በአማርኛ! አራት ነጥቡን ሳይረሳ!

ሽመክት፦ ኧረ ሽልማት እንስጠው! ባቄላ በካርቶን!

ውድነሽ፦ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ግን ፈገግ ብዬ ነው የሰጠሁት።

ሽመክት፦ እሱ ነው ችግርሽ፤ ፈገግታሽ። አንቺ ቋንቋ አስተማርሻቸው፤ ሰው የሚያደርጋቸውን ግን ረሳሽ። ስልሳ ልጅ በአንድ ልብ ሲሰርቅ ካየሽ በኋላ አራት ነጥብ ትቆጥሪያለሽ።

ውድነሽ፦ በዚህ እውነት አለዎት። ወረቀቱን ሳይ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ኮራሁ። ያፈርኩት ከሁሉም መጨረሻ ነው። መቅደም የነበረበት ማፈሩ ነበር።

ሽመክት፦ ይኸው፣ አሁን ያስተማርኳትን ውድነሽን ትመስያለሽ።

ውድነሽ፦ የትኛዋን? በግራ እጇ ስትጽፍ በማስመሪያ የሚመቷትን?

ሽመክት፦ ተስተካከልሽ አይደል?

ውድነሽ፦ አልተስተካከልኩም። ዛሬም በግራዬ ነው የምጽፈው። ከእርስዎ የተማርኩት ሲመጡ እርሳሱን ወደ ቀኝ ማዘዋወር ነው።

ሽመክት፦ ለካ ማጭበርበር የጀመርሽው ያኔ ነው! እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ስሚኝ፣ እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ሆሳዕና ቢያንስ በእጅ የሚያስተምራት መምህር ታገኛለች። አንቺ የምታውቂው ከልጅቷ የተማርሽውን ነው። አስተማሪዋ ከተማሪዋ ኋላ የምትከተልበት ትምህርት የት ያደርሳታል?

ውድነሽ፦ ሩቅ አያደርሳትም፤ አውቃለሁ። ግን እዚያ ሁለት ዓመት የተማረችው አክስቷ ቤት ሆና ነው። አክስቷ ሞተች፤ ለዚህ ነው እናቷ ጋ የተመለሰችው። አሁን ማን ጋ ትደር? አንድ ቀን ቤት ተገኝቶላት፣ ስሟ በወርቅ ተጽፎ ብትሄድ፣ እኔ ራሴ ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ እወስዳታለሁ። ሌባ ተብላ ግን አትሄድም።

ሽመክት፦ ሌባ ካልሆነች ንጽሕናዋን አሳዪኝ።

ውድነሽ፦ የት ነበር የተቀመጠችው?

ሽመክት፦ ፊት ለፊት።

ውድነሽ፦ ከንፈሬን እንድታይ ከኋላ አንስቼ እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ስልሳ አምስቱ ከጀርባዋ ናቸው። በጀርባዋ ታያቸዋለች? ጥያቄ ሰባትን «ኩላሊት» ብላ ጽፋለች። ሌሎቹ ሁሉ ተመሳስለው የሳቱትን ጥያቄ አሥራ አንድን ደግሞ በራሷ መንገድ ነው የሳተችው። የሰው ስህተት እንኳ አልወሰደችም።

ሽመክት፦ ቆይ፣ ቆይ። ጀርባዋን ሰጥታ ብቻ አልተቀመጠችም። ሦስት ጊዜ ተነስታ ወደ እኔ መጥታለች። ስትነሳ ዞር ብላ አይታቸዋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ውድነሽ፦ ለምን መጣች?

ሽመክት፦ ሆዷን ቆርጧት።

ውድነሽ፦ ማን አለ?

ሽመክት፦ እሷ! በእጇ አሳየችኛ።

ውድነሽ፦ እንዴት አድርጋ? እስቲ ያሳዩኝ።

ሽመክት፦ እኔ ሽማግሌ ሰውዬ...

ውድነሽ፦ ማንም አያየንም። ያሳዩኝ።

ሽመክት፦ እንዲህ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ ጠቆመች። ጣቶቿን ቆልመም አድርጋ እንዲህ ወደ ሆዷ ሳበች። ከዚያ ፊቷን አጨፈገገች፤ ጭንቅ የያዛት ነው የምትመስለው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሽንት ቤት ላክኋት። ሁለተኛውንም ላክኋት።

ውድነሽ፦ ሦስተኛውንስ?

ሽመክት፦ አሳዘነችኝና ከፔርሙሴ የዝንጅብል ሻይ ቀዳሁላት።

ውድነሽ፦ ጠጣችው?

ሽመክት፦ አፍጥጣ እያየችኝ ጠጣችው። ምነው? ምን ሆንሽ?

ውድነሽ፦ ጋሼ፣ እስቲ ጣትዎን እንደገና ቆልመም አድርገው ይሳቡት። እሱ ሆድ ቁርጠት አይደለም። መስረቅ ነው። ወደ ኋላ የጠቆመችው እነሱን ነው። «እየሰረቁ ነው» ነው ያለችዎ።

ሽመክት፦ ሦስት ጊዜ?

ውድነሽ፦ ሦስት ጊዜ።

ሽመክት፦ ከስልሳ ስድስት ልጅ አንዷ መጥታ ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ላክኋት።

ውድነሽ፦ ሻይም ጋበዟት።

ሽመክት፦ አትጨምሪልኝ! ለምን ለአንቺ አልነገረችሽም?

ውድነሽ፦ ዛሬ ጠዋት ጠየቅኋት። «ለትልቁ ሰውዬ ነግሬያለሁ» አለችኝ። እኔ ማንን እንደምትል አልገባኝም ነበር። ትልቁ ሰውዬ እርስዎ ነዎት።

ሽመክት፦ ጓደኞቿስ ምን አሏት?

ውድነሽ፦ ከሁመድ በቀር ማንም አላናገራትም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱባት። እሷን ዝም ማለት እንዲያ ነው።

ሽመክት፦ ያቺ በር ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ማናት?

ውድነሽ፦ እናቷ ናት። በዘበኛው «ልጅሽ ልትዛወር ነው» ብለው ልከውባት የለ? ከሸንኮራ ማሳው በቀጥታ ነው የመጣችው። ከሥሯ ያለው የልጅቷ ፍራሽ ነው። ዛሬውኑ የምንሰዳት መስሏታል።

ሽመክት፦ ደብዳቤውን ወዲህ በዪው።

ውድነሽ፦ ሊቀድዱት ነው?

ሽመክት፦ ወረቀት ውድ ነው፤ ጀርባው ንጹሕ ነው። ጻፊ፤ በግራሽም ቢሆን ጻፊ። «የአምስተኛ ‹ለ› የሳይንስ ፈተና ተሰርዞ ሰኞ ይደገማል። ከተማሪ አስካለ ሎምባሞ በስተቀር።» ለወረዳውም እኔ እደውላለሁ፤ ጸጥታው ምን እንደነበር እነግራቸዋለሁ።

ውድነሽ፦ ይስቁብዎታል እኮ።

ሽመክት፦ ይሳቁ። አንቺ እስክትጠግቢ ስትስቂብኝ ሞትኩ?

ውድነሽ፦ ሰኞስ ማን ይፈትናቸው? እኔም ብሆን የእጃቸውን ግማሹን ነው የማነብበው፤ ሲፈጥኑ አልደርስባቸውም።

ሽመክት፦ ውጪና እናትየዋን «ፍራሽሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ» በያት። ልጅቷ ግን ሰኞ በሁለት ሰዓት እንዳትቀር፤ ፈታኟ እሷ ናት፣ እኔ ረዳት ሆኜ እገባለሁ።