ላልቶ የሚነበብ

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር አለኝ፤ ላንቺ ልነግርሽ ነው የወጣሁት። አራት ፎቅ በእግሬ። ሊፍቱ ዛሬም እንደ አንዳንድ ሰው ነው፤ መብራቱ ይበራል እንጂ አይንቀሳቀስም። ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።

አበባሽ እንዴት አምሮበታል እባክሽ። የምታጠጪው አንቺ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚመሰገነው የውስጠኛው ቢሮ… አይ፣ ስለ አበባው ነው ያልኩት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገብተዋል ማለት ነው? ተይው፣ አትዝጊው፣ ይናፈስ። የማወራው ስለ አለቃሽ አይደለም። ስለ አንድ ሌላ የተከበሩ ሰው ነው። ስም አልጠራም፤ ብጠራም አታውቂያቸውም።

ምስጢሬን ላስቀድም፤ ካልሆነ አፍሬ ደረጃውን መልሼ እወርደዋለሁ። ያ ልብወለድ የለ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከጠረጴዛ ሥር ይዞ ሲያነበው የከረመው? «የሰፊው ልጅ» በሚል የብዕር ስም የወጣው? … እኔ ነኝ የጻፍኩት።

እንደሱ አትዪኝ፤ እኔም ራሴ ደንግጫለሁ። የአቤቱታ ክፍል ሠራተኛ ልብወለድ ትጽፋለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቀኑን ሙሉ «ቆጣሪዬ ያለ ውሃ ይቆጥራል» የሚል ሰው ስሰማ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ያንኑ ሰውዬ ሚስት አጋባዋለሁ፣ ክፉ ጎረቤት እሰጠዋለሁ፣ ካስፈለገም እገድለዋለሁ። በማግስቱ መጥቶ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ይሄንን ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ ስሜን አያውቀውም፤ «የሰፊው ልጅ፣ ነይ ይሄን ሱሪ ላባትሽ አድርሺ» ነበር። ስሜን ሽፋን ላይ ማየት ሲያሳፍረኝ ያንኑ መጠሪያ ለሽፋኑ ሰጠሁት። እንደ ጓዳ በር ነበር፤ በሱ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

መጻፉስ አልከበደኝም። ማስተዋወቅ የሚሉት ነው ጉዱ። መጽሐፍ መሸጫ እገባና እንደ ማንም ገዢ ሆኜ «የሰፊው ልጅ መጽሐፍ አለ?» እላለሁ። ሻጩ «አለ፤ ግን እሱ አይሄድም፣ የተሻለ ልስጥሽ» አይለኝም? እምቢ ማለት አፍሬ የሌላ ሰው መጽሐፍ ገዝቼ ወጣሁ። ሌላ ቀን ዞር ሲልልኝ ከታችኛው መደርደሪያ አነሳሁና ፊት ለፊት አቆምኩት። «እህት፣ ያነሳሽውን ወደ ቦታው» ተባልኩ። የራሴን መጽሐፍ ልሰርቅ ስል የተያዝኩ እኔ ነኝ፤ ሌላው ግን… ቆይ እደርስበታለሁ። መጨረሻ ላይ በስልኬ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ፎቶዬን መለጠፍ አፈርኩና የአባቴን መቀስ ለጠፍኩ።

ያን ጊዜ ነው እኚያ የተከበሩ ሰው የደረሱልኝ።

ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት። እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ሳይነቅዝ ሌላ ሰው ያነሳዋል እንጂ። በሻይ ሰዓት አንዱ «ያንን መጽሐፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አዎ አሉ? አላሉም። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከአፋቸው ውሸት አይወጣም። የወጣው ፈገግታ ነው። «መጽሐፉ ራሱ ይናገር» አሉ። እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል? እኔ ስንት ክረምት ቁጭ ብዬ ጽፌ ደራሲ መምሰል አቃተኝ፤ እሳቸው ግን ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ደራሲ ሆኑ። ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም ያለው ማን ነው? ለቃሚው ጎበዝ ከሆነ ይለቀማል።

አልዋሽሽም፣ ጠቅመውኛል። «አይሄድም» ያለኝ ሻጭ «የትልቁ ሰውዬ መጽሐፍ» እያለ በሳምንት ውስጥ ጨረሰው። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ተረት ይሻሻል እንጂ፤ ሲያደምቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን መቀስ እንኳ ተርጉመውልኛል። «የሳንሱር ምልክት ነው» አሉ። እኔ ለካ በሳንሱር ነው ያደግኩት፤ የልጅነት ቀሚሶቼ በሙሉ በሳንሱር የተቆረጡ ናቸው።

እንግዲህ የትናንቱን ልንገርሽ። አንድ የአንባቢዎች ማኅበር በገጹ ላይ መልእክት ልኮ ነበር፤ «ደራሲው ይምጡልን፣ ከመጽሐፉም ያንብቡልን» የሚል። «እመጣለሁ» ብዬ መለስኩ። ይቺ ቃል ደግሞ ወንድ ሴት አትለይ፤ ማን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ከሥራ ስወጣ ቀሚሴን ቀይሬ፣ እዚያ ሄጄ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለመነሣት ነበር የሄድኩት፤ ይሄንን ብቻ እወቂልኝ።

እኚያ ሰው ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ከጎናቸው አንዲት ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት ነበረች። ሻርፗ ያንቺን ይመስላል… ቁርጥ ያንቺን። ሰውና ሻርፕ መቼም ይመሳሰላል።

የመድረክ መሪዋ «ደራሲያችን አዳራሹ ውስጥ እንዳሉ ሰምተናል፤ እባክዎ ወደ መድረክ» አለች። ተነሣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሀል ተነሣሁ… ግማሽ ድረስ። ግማሹ ላይ ሳለሁ ፊት ወንበር ላይ አንድ ሰው ሙሉ ለሙሉ ተነሡ። ምን ላድርግ? ቀሚሴን የማስተካክል መስዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨብኩም እኮ። አዳራሹ ውስጥ መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ያቆምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ድምፃቸው ሲያምር። ውሃ ተጎነጩ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። «ሰፊው በር ላይ ቆሞ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ ዝናቡን ያያል።» እንዴት አድርገው መሰለሽ? «ፊ»ን ጥብቅ አድርገው። ሰፊ በር። መኪና የሚያስገባ በር። የአባቴ ሱቅ በር እኮ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ወፈር ያለ ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ሜትሩን ይዞ ውጭ ነው የሚለካው። ታዲያ መርፌ በከንፈሩ የያዘው ማን ሊሆን ነው… በሩ?

እኔ አልፈርድም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ለአንባቢ ነው የሚተወው። ታሪኩ የልብስ ሰፊ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሥራ የበዛበት ሰው ያን ያህል ርቆ እንዴት ይሂድ?

ከዚያ አንዲት ተማሪ «ለምን የሰፊው ልጅ ተባሉ?» ብላ ጠየቀች። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ» አሉ፣ «የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነኝ።» ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

መጽሐፉን ቢወስዱት አልከፋኝም ነበር። ታውቂኛለሽ፤ ወንበሬን ቢወስዱብኝ ቆሜ የምሠራ ሰው ነኝ። አባቴ ግን… አንድ ሰው ነበር እኮ። ዓይኑ ደክሞ በመርፌው ክር የማሾልክለት እኔ ነኝ። ደንበኛ በጠፋ ቀን የስፌት መኪናውን ያለ ጨርቅ የሚያስኬድ፣ ጎረቤት ሥራ ፈታ እንዳይለው። እሱን ነበር የጻፍኩት። ሕዝብ አደረጉትና ሕዝቡ መሀል ጠፋ።

ከዚህ ውሃ ልቅዳ? አመሰግናለሁ።

ኋላ ፊርማ ነበር። ከጎኔ የነበረችው ሴት «ነይ እንሰለፍ» ብላ እጄን ያዘችኝ። እምቢ እንደማልል ታውቂያለሽ፤ ተሰለፍኩ። የራሴን መጽሐፍ አቀረብኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ አላወቁኝም፤ እንደ አለቃሽ በየቀኑ ደረጃ ላይ አንተላለፍ፣ ከየት ያውቁኛል? «ለአንባቢዬ፣ መልካም ንባብ» ብለው ፈረሙልኝ። የእጅ ጽሑፋቸውም እንደ ድምፃቸው ነው። ንግግራቸውን የምታዘጋጅላቸው ጎበዝ ጸሐፊ አለቻቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ጸሐፊ መቼም ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጽፍ አለ፣ ጸሐፊ ያለው አለ።

አቤቱታ ክፍል የተቀመጠ ሰው የራሱን አቤቱታ የት ያስገባል? ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የሁለተኛው እትም ሽፋን ገና አልታተመም ነበር። «የደራሲው ስም ይቀየርልኝ» አልኩ። «በማን ይሁን?» አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው፤ ከነአባቴ። ድምፄ ስላልተሰማ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። አየሽ፣ ከስሜ ቀጥሎ የሚጠራው ድሮም እሱ ነው። የብዕር ስም ምን አስለፋኝ?

ከዚያ ሱቁ ሄጄ ያንን ዓረፍተ ነገር ለአባቴ አነበብኩለት፤ አላልቼ። የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ነገርኩት። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና መጽሐፉን ይለካ ጀመር፤ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን። «ዝናብ እንዳያገኘው ልብስ ልስፋለት» አለኝ።

ይኸው ነው፤ አልቆይም፣ ታች ባለጉዳይ ይጠብቀኛል። ይቺን ቅጂ ግን ግቢና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪልኝ። ለአለቃሽ ማለቴ ነው፤ ልብወለድ ይወዳሉ ሲባል ሰምቼ። ውስጧ ያለው ፊርማ የእሳቸውን ቢመስል አትደንግጪ፤ ፊርማም እንደ ሻርፕ ይመሳሰላል። ከመጀመሪያዋ ቃል በላይ በእርሳስ «ይላላ» ብዬ ጽፌባታለሁ።

እኚያን የተከበሩ ሰው የሚያውቅ ካገኘሽ ደግሞ ቂም እንደሌለኝ ንገሪልኝ። «መልካም ንባብ» ብለው ለተመኙልኝ ሰው እኔም ከልቤ እመርቃለሁ። ፈጣሪ የጠበበውን ያስፋላቸው፤ የተቀደደውን ይስፋላቸው። ዓይናቸውን ይጠብቅልን፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እስኪደርሱ ድረስም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።